ስለ ቤላሩስ 82 ትራክተር ጉልበትና አስተማማኝነት

ስለ እርሻ መኪና በሚደረግ ጭውውት ውስጥ ሁለት ፍርዶች ሳይሰሙ አይቀሩም። አንደኛው «ጉልበታም ነው» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «አያስቸግርም» የሚል ነው። በአገራችን «ቤላሩስ» እየተባለ ስለሚጠራው፥ በአራቱም እግሩ ስለሚጎትተው የሚንስክ ትራክተር፥ ማለት ስለ ኤም ቲ ዜድ 82፥ ሁለቱም ፍርዶች ከብዙ ሰው አፍ ይሰማሉ። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያው ፍርድ የተጋነነ፥ ሁለተኛው ደግሞ እውነትነት ሳለው በማይሆን ምክንያት የተደገፈ መስሎ ስለ ታየኝ ይህን ሂስ ለማቅረብ ተነሣሁ።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ እንዳይመስል አስቀድሞ አንድ ጉዳይ መናገር ያስፈልጋል። ጥቂት ገበሬዎች ተሰብስበውና ገንዘብ ተበድረው ትራክተር ሲገዙ፥ ዕዳው የሚከፈለው ትራክተሩ በሚሠራባቸው ሰዓቶች ነው። የደጋው እርሻ ደግሞ እነዚያን ሰዓቶች የሚሰጠው በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ነው። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ለማረስ ከተመቸበት ቀን ጀምሮ ጭቃው እግር እስከሚይዝበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያን ጊዜ ዐሥር ቀን የቆመ ትራክተር በበጋ ቀን ከሌት ጭነት ቢጎትት እንኳ ያመለጠውን ዘር አይመልሰውም።

የሚንስክ ፋብሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኤም ቲ ዜድ 80 እና በአራት እግሩ የሚጎትተው ወንድሙ 82 በብዛት መሠራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፥ 82.1 የተባለው ተከታዩ ዛሬም ከዚያው ፋብሪካ ይወጣል። ወደ አገራችን የገባበትም መንገድ የታወቀ ነው፤ በናዝሬት (በአዳማ) የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር፤ የመንግሥት እርሻዎችም በዚያን ዘመን ብዙ የሶቪየት ትራክተሮች ነበሯቸው።

ሞተሩ ዲ 240 የተባለ፥ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 110፥ የፒስተኑ ጉዞ 125 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአራቱ ድምር 4.75 ሊትር ይሆናል። በደቂቃ 2,200 ጊዜ ሲዞር 80 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ ይነገርለታል። አየር በግድ የሚነፋለት መሣሪያ የለውም፤ የሚተነፍሰው ራሱ ስቦ ነው። ካሚቻዎቹ እየወጡ ይለወጣሉ፤ አየሩ በዘይት ውስጥ እያለፈ ይጣራል፤ የሞተሩ ዘይት ደግሞ በኃይል በሚሽከረከር ማጣሪያ ስለሚጸዳ፥ ለእነዚህ ለሁለቱ በየጊዜው የሚገዛ የወረቀት ፊልትሮ አያስፈልግም። ካምቢዮው ወደ ፊት 18፥ ወደ ኋላ 4 ማርሽ አለው። በአንዳንዶቹ ላይ በሞተሪኖ ፈንታ ፒ ዲ 10 የምትባል ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ተገጥማ ትልቁን ሞተር ታስነሣለች። ይህችን ትንሽ ሞተር የሚስቅባት ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ባትሪ በሞተበትና የሚሞላበት ቦታ በማይገኝበት ገጠር በገመድ ተስባ ትነሣለችና ሳቁ ብዙ አይቆይም።

እንግዲህ ወደ ጉልበቱ እንምጣ። 80 የሚለው ቁጥር የሞተሩ እንጂ የማረሻው አይደለም። በሻጭና በገዢ መካከል ያለው ይህ ልዩነት አሮጌ ጠብ ነው። በአሜሪካ በነብራስካ አገር ዊልሞት ክሮዚየር የተባለ ገበሬና የምክር ቤት አባል፥ የገዛቸው ትራክተሮች የተነገረላቸውን ሥራ ሳይሠሩ ስለ ቀሩበት፥ በዚያ ግዛት የሚሸጥ ትራክተር ሁሉ አስቀድሞ እንዲፈተን የሚያዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1919 እንዲወጣ አደረገ፤ ፈተናውም በ1920 ተጀመረ። የነብራስካ መርማሪዎች የመዘኑት ሻጩ የሚያወራውን ቁጥር ሳይሆን በመጎተቻው ላይ የተገኘውን ኃይል ነው። ሶቪየቶችም ቢሆኑ ይህን ትራክተር የመደቡት በሞተሩ ሳይሆን በመጎተት ኃይሉ ሲሆን፥ ምድቡ 1.4 ቶን ነው። የራሱ ሠሪዎች 1.4 ቶን ያሉትን እኛ በሰማንያ ፈረስ ብቻ የምናውቀው ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

ከዚህ በላይ ደግሞ የአገራችን ከፍታ አለ። አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 79 እጅ ያህል ብቻ ነው። ራሱ ስቦ የሚተነፍስ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር በአምስተኛ ገደማ ይቀንስበታል፤ ፖምፓው ግን ይህን ሳያውቅ በቆላ የሚረጨውን ያህል ናፍጣ ይረጫል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጭስ ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጭስ እያየ «እንዴት ያለ ጉልበት ነው!» ሲል ይሰማል። ጭሱ ሳይቃጠል የሚባክን ናፍጣ ነው፤ በገንዘብ የተገዛ ጥቀርሻ ነው።

ሒሳቡን በግምት እናስላው። ከ80ው የፈረስ ጉልበት ከካምቢዮው በኋላ በኃይል ማውጫው ዘንግ ላይ 70 ተገኘ እንበል። ለከፍታው ከመቶ 15 ብንቀንስ 60 ያህል ይቀራል። ከዚህም ሁሉ ወደ ማረሻው አይደርስም፤ ጎማው በመሬቱ ላይ ሲንሸራተትና መሬቱን ሲጫን የሚጠፋ አለ። የአሜሪካ የእርሻ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው መለኪያ መሠረት በለስላሳ መሬት ላይ በሁለት እግሩ የሚጎትት ትራክተር ከዘንጉ ኃይል ከመቶ 55ቱን፥ የፊት እግሩም የሚያግዘው ከመቶ 65ቱን ወደ መጎተቻው ያደርሳል። በደረቅና ጠንካራ መሬት ግን ቁጥሮቹ 72 እና 77 ናቸው። በጭቃው ላይ እንግዲህ 82ቱ 39፥ 80ው 33 የፈረስ ጉልበት ያህል ለማረሻው ይሰጣሉ ማለት ነው። 39 የፈረስ ጉልበት 1.4 ቶን የሚከብድ ጉተታን በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ጥቂት ፍጥነት ያስኬዳል፤ ይህም የሠሪዎቹ ምድብ ሐሰት እንዳልሆነ ያሳያል። «ሰማንያ ፈረስ» ብሎ የገዛ ሰው ግን በአሰላ ጭቃ ላይ የሚያገኘው ከግማሽ በታች ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ሌላ ነገር የፊት እግሩ ዋጋ ነው። ስድስት የፈረስ ጉልበት ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ትርፉ የተገኘው ናፍጣ ሳይጨመር ነው፤ ለዚያውም ከ33 ላይ 6 ማግኘት ከአምስተኛው ቢያንስ በጥቂት ነው። ጥቁሩ የዋልካ መሬት በደጋችን ሰፊ ስለ ሆነ፥ በዚያ ላይ የሚያርስ ሰው ይህን ትርፍ አይንቀውም።

የፊት እግሩ አሠራር በጣም የሚያስደስት ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ አንባቢ ይታገሠኝ። ሦስት አኳኋን አለው፤ የተፈታ፥ ራሱ የሚይዝና በግድ የተያዘ። በሁለተኛው አኳኋን ላይ ሲሆን ኃይሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚይዝ መጋጠሚያ በኩል ያልፋል። የፊት ጎማዎች በነፃ ሲንከባለሉ ከዘንጋቸው ጥቂት ፈጥነው እንዲዞሩ ተደርገው ተሠርተዋልና፥ በደህና መንገድ ላይ መጋጠሚያው አይያዝም። የኋላ ጎማዎች መንሸራተት ሲጀምሩ ግን ትራክተሩ ከማርሹ ያነሰ መንገድ ይሄዳል፤ የፊት ጎማዎችም ዙራቸው ይቀንስና ዘንጉ ይደርስባቸዋል፤ ያን ጊዜ መጋጠሚያው ይይዝና አራቱም ይጎትታሉ። ነጂው ምንም አልነካም። ይህ ሁሉ የቆመው ግን በፊትና በኋላ ጎማ መጠን ዝምድና ላይ ነው። ከገበያ የተገኘውን ማንኛውንም ጎማ ከፊት የሚያስገባ፥ ወይም የኋላው እስኪላጭ የሚነዳ ሰው ይህን ዝምድና ያበላሸዋል፤ የፊት እግሩም ወይ ዘወትር ይያዛል፥ ወይ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይያዝም። «የፊቱ አይሠራም» ከሚባሉት ስንቶቹ በጎማ ጥፋት ብቻ የተፈረደባቸው ይሆኑ? ወደ ኋላ ሲነዳም ራሱ የሚይዘው አኳኋን አያገለግልም፤ ከጭቃ በኋላ ማርሽ ለመውጣት በግድ ማያያዝ ያስፈልጋል። በግድ አያይዞ በደረቅ አስፋልት መንዳት ደግሞ ጎማውንና ጥርሱን መብላት ነው።

መንሸራተቱን ለመለካት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በኋላው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፥ ማረሻው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ጎማው ዐሥር ጊዜ ሲዞር የተሄደውን መንገድ መለካት፤ ቀጥሎ ማረሻው መሬት ውስጥ ገብቶ ሳለ እንዲሁ ማድረግ ነው። መጀመሪያ 47 ሜትር፥ በኋላ 40 ሜትር ቢገኝ መንሸራተቱ ከመቶ 15 ያህል ነው፤ ይህም በአራት እግሩ ለሚጎትት መኪና በዛ ያለ ነው። ኮሌጃችን በሚያስተምረው መንገድ ያለፈ ተማሪ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራው የሚችለው ፈተና ነው።

ስለ ጉልበት ስናወራ አንድ የማይዘለል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ሲጀመር፥ ትራክተር የገባባቸው ባለርስቶች ብዙ ጭሰኞቻቸውን ከመሬት አስወጥተዋል። ይህ የቤላሩስ ጥፋት አልነበረም፤ ያን ጊዜ 82 ገና አልተሠራም ነበር። ሆኖም የማን ጉልበት በማን ላይ እንደሚጨመር ሳይጠየቅ የትራክተርን ኃይል መመዘን ጎደሎ ምዘና ነው።

አስተማማኝነቱን በተመለከተ ትልቁ ስሕተት «አይበላሽም» እና «ቶሎ ይጠገናል» የሚሉትን ሁለት ነገሮች እንደ አንድ ማየት ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ትራክተሮች እናስብ። አንዱ በየ50 ሰዓቱ ይበላሽና በሦስት ሰዓት ይጠገናል። ሁለተኛው 300 ሰዓት ያለ እንከን ይሠራና፥ ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ዐሥራ አምስት የሥራ ቀን ይቆማል። ቀኑን ዐሥር ሰዓት ብናደርገው፥ የመጀመሪያው ከሚፈለግበት ጊዜ ከመቶ 94 እጅ ይሠራል፤ ሁለተኛው ግን 67 እጅ ብቻ። ቤላሩስ እንደ መጀመሪያው ዓይነት ነው። ዘይት ያንጠባጥባል፤ ማርሹ አልገባም እያለ ይታገላል፤ ፍሪሲዮኑ ለእግር ከባድ ነው። ነገር ግን አብዛኛው እንከኑ በዛፍ ጥላ ሥር በመፍቻ የሚፈታ ነው። ምስጋናው ለዚህ ሊሆን ሲገባ፥ «አይበላሽም» ተብሎ ያልሆነው ይነገርለታል።

ለዚህ ሐሰተኛ ዝና ሁለተኛ ምንጭ አለ። ዐርባ ዓመት የሞላው ቤላሩስ ሲያርስ ያየ ሰው ይደነቃል፤ ከጋራዡ ጓሮ ተደርድረው ሣር የበቀለባቸውን ግን አይቈጥርም። የሚሠራው አሮጌ ትራክተር ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሙታን በተነቀለ ዕቃ የቆመ ነው። በሕይወት የተረፈውን ብቻ ቈጥሮ ስለ ትውልዱ ሁሉ ጤንነት መመስከር ለሐኪምም ለመካኒክም አይፈቀድም።

ቀላልነቱ ራሱ የሚያመጣው አደጋም አለ። ዘይት ማንጠባጠብ የልማድ ያህል ስለ ተቈጠረ ማንም አይደነግጥበትም። የፊት እግሩ ኃይል ወደ ጎማው የሚወርደው በዘይት ውስጥ በሚዞሩ ሾጣጣ ጥርሶች ነው። የዘይት መከላከያው ጎማ አልቆ ዘይቱ በጭቃ ውስጥ ሳይታይ ከፈሰሰ፥ ጥርሱና ኩሽኔታው ደርቀው ይፋጫሉ። አንድ የርካሽ ዋጋ ጎማ ባለመለወጡ የፊት እግሩ በሙሉ ይሞታል፤ ባለቤቱም በአራት እግር ዋጋ የገዛውን በሁለት እግር መንዳት ይቀጥላል። የአየሩ የዘይት ማጣሪያም እንዲሁ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ አቧራ ውስጥ ዘይቱ ወደ ጭቃነት ሲለወጥ ካላጠቡት ካሚቻውን የሚበላው አቧራ ነው። የሚገዛ ዕቃ የማይፈልግ መሣሪያ እጅ ይፈልጋል።

በእኔ ግምት፥ በሰኔና በሐምሌ ዋልካ ለሚያርስ ማኅበር 82ን ከ80 አስበልጦ መግዛት ተገቢ ነው፤ በደረቅ አሸዋማ መሬት ለሚያርስ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ጭነት ለሚጎትት ግን የፊቱ እግር ጥቅም ለማይሰጥ ክብደትና ለተጨማሪ ጥገና መክፈል ነው። ያገለገለ 82 የሚገዛ ሰው ጭሱንና ድምፁን ትቶ በመጀመሪያ ከፊት ጎማዎቹ በስተ ጀርባ ይንበርከክ፤ የዘይቱን ቡሎን ፈትቶ ደረጃውን ይይ፤ የወጣው ዘይት የብረት ብናኝ ካለበት በጣቱ አሻሽቶ ይለየው፤ ከዚያም የፊትና የኋላ ጎማዎቹን ቁጥር አንብቦ በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ካለው ጋር ያስተያየው። የጠመኔውን ፈተና ማድረግ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱንም በእርጥብ መሬት ላይ፥ አንድ ጊዜ የፊት እግሩን ፈትቶ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሱ እንዲይዝ አድርጎ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካላገኘ ሻጩ 80 እየሸጠለት ነውና ዋጋውን በ80 ይነጋገር።