ሐተታ በእንተ ድምፀ ማኅሌት፤ ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዜማ የሠራው ሥርዓት ሲመረመር

በኦሪት ዘፀአት በ32ኛው ምዕራፍ ከቍጥር 17 እስከ 19 እንደ ተጻፈ፥ ሙሴ ጽላቱን ይዞ ከደብረ ሲና ሲወርድ ኢያሱ ከሰፈር የሚወጣውን ጩኸት ሰምቶ የጦርነት ድምፅ መሰለው። ሙሴ ግን ድል የነሡ ሰዎች ድምፅም ድል የሆኑ ሰዎች ድምፅም እንዳይደለ፥ የዘፈን ድምፅ እንደ ሆነ ነገረው። ወደ ሰፈሩም ሲቀርብ ጥጃውንና ዘፈኑን አይቶ ጽላቱን ከተራራው በታች ሰበረ። ይህን ምንባብ በአሜሪካ አገር ያሉ አጥባቂ የፕሮቴስታንት መምህራን ለብዙ ዘመን የአንድ ትምህርት ምስክር አድርገው ሲጠቅሱት ኖረዋል፤ ትምህርቱም ዜማ ከቃሉ ተለይቶ በገዛ ድምፁ በጎ ወይም ክፉ ይሆናል የሚል ነው። ይህን ትምህርት በሥርዓት ካጸኑት የሃይማኖት ኮሌጆች መካከል ስሙ የታወቀው ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሆነ፥ ምርመራው በእርሱ ላይ ይሆናል።

ትምህርት ቤቱን ወንጌላዊው ቦብ ጆንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 በፍሎሪዳ መሠረተው፤ ከዚህ በኋላ የሚነገሩት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በ1933 ወደ ቴኔሲ፥ በ1947 ደግሞ በሳውዝ ካሮላይና ወዳለችው ወደ ግሪንቪል ከተማ ተዛወረ። በዚያ የሚማር ሰው ሮክና ጃዝ የሚባለውን ዘፈን፥ ቃሉ የክርስቶስን ስም ቢጠራም ዜማው እንደ ሮክ የሆነውን መዝሙር ጭምር እንዳይሰማ ለብዙ ዘመን በተማሪዎች መመሪያ ተከልክሎ ነበር። በ1974 በፍሎሪዳ የተመሠረተው የፔንሳኮላ ክርስቲያን ኮሌጅም በዚሁ መንገድ ሄደ።

የሥርዓቱ ሠሪዎች የተነሡበት አሳብ ሊናቅ አይገባም። ዜማ የሰውን ልብ እንደሚያነሣና እንደሚጥል የቀደሙ አባቶችም ያውቁ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ ለወጣቶች በጻፈው ምክር የፓይታጎራስን ነገር ያነሣል፤ ሰካራሞች ሲዘፍኑ አግኝቶ ዋሽንት ነፊውን የዜማውን ስልት እንዲለውጥ ቢያዘው፥ ሰዎቹ አእምሯቸው ተመልሶ የራሳቸውን አክሊል ጥለው አፍረው ወደ ቤታቸው ገቡ። አውግስጢኖስም በኑዛዜው በ10ኛው መጽሐፍ፥ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ የዘማሪው ድምፅ ልቡን በነካው ጊዜ ኃጢአት እንደ ሠራ ቈጥሮ ያዝናል፤ በዚያም ቦታ ለአባ ሰላማ ማዕረገ ጵጵስናን የሰጠው ታላቁ አትናቴዎስ አንባቢው መዝሙሩን ከዜማ ይልቅ ወደ ንባብ በሚቀርብ ድምፅ እንዲያሰማ ያዝ እንደ ነበር ይጠቅሳል። እንግዲህ ወጣቱ የሚሰማው ነገር አያሳስብም የሚል ሰው ከኮሌጁ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከአባቶችም ጋራ ይጣላል።

ዳሩ ግን አባቶች የፈሩት የሰውን ልብ ነው፤ ኮሌጁ ግን ፍርሃቱን ወደ ድምፁ አዛወረው። ፍራንክ ጋርሎክ የተባለው የዜማ መምህር ከርት ዌትዝል ከሚባል ሰው ጋራ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ዜማ ለመንፈስ፥ የድምፆች ስምምነት ለአእምሮ፥ ምት ለሥጋ ነው ብሎ ከፍሎ ያስተምራል። ከዚህም ክፍፍል ምቱ የበረታ መዝሙር ሥጋን ያገለግላል የሚል ፍርድ ይወጣል። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የተሰሎንቄ መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ መንፈስንና ነፍስን ሥጋንም ቢጠራ፥ ሦስቱ ነውር ሳይኖርባቸው አብረው እንዲጠበቁ ለመለመን ነው እንጂ ዜማን በሦስት ለመመተር አይደለም። ይህ ክፍፍል ከሐዋርያው ይልቅ ስለ ዜማ ስልቶች በሪፐብሊክ በ3ኛው መጽሐፍ ሕግ ወዳወጣው ወደ አፍላጦን ይቀርባል። ሥጋም በራሱ የሚነቀፍ ቢሆን ኖሮ በመዝሙር 46 አሕዛብ ሁሉ በእጃቸው እንዲያጨበጭቡ ባልታዘዙ ነበር፤ ማጨብጨብ ምት ነውና።

ወደ ምንባቡ ስንመለስ፥ በሰፈሩ የተሰማው ድምፅ ክፉ የሆነው በምኑ ነው? ትምህርቱን የያዙት ሰዎች ዘፈኑ የጦርነት ጩኸት እስኪመስል ድረስ የተደበላለቀ ስለ ነበረ ነው ይላሉ። እንዲህ እንዳይሉ ግን በ15ኛው ምዕራፍ የሙሴ እኅት ማርያም ከበሮ ይዛ ሴቶቹን ሁሉ በከበሮና በዘፈን አስከትላ ወጥታለች፤ ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፥ ከግብጽ ከወጣም ጥቂት ወር ብቻ ነው፥ በእነዚያ ወራትም አዲስ የዜማ ስልት ተማረ የሚል አልተጻፈም። በባሕሩ ዳር ያመሰገኑት ባሕሩን የከፈለውን ነው፤ በተራራው ሥር ያመሰገኑት የወርቅ ጥጃ ነው። ሰባው ሊቃናት በጽርእ በተረጐሙት መጽሐፍ ደግሞ በቍጥር 18 ወይን ይጨመራል፤ ሙሴ የሰማው ወይን ጠጥተው የሚያዜሙትን ሰዎች ድምፅ ነው ያሰኛል። አንድም ሙሴ ጽላቱን የሰበረው በሩቅ ድምፁን በሰማ ጊዜ ሳይሆን ቀርቦ ጥጃውን ባየ ጊዜ ነው። ድምፁ ብቻ በቂ ማስረጃ ቢሆን በተራራው ላይ ሳለ በሰበረው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ስለ አንድ ቃል ያስተውል። በግዕዝ ዘፈነ ማለት ዘለለ፥ አሸበሸበ ማለት ነው፤ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውም በጥጃው ፊት የተደረገውም በአማርኛው መጽሐፍ በዚሁ ቃል ይጠራል። በገላትያ በ5ኛው ምዕራፍ ከሥጋ ሥራ ጋራ የተቈጠረው ዘፋኝነት ግን በጽርእ ኮሞስ ይባላል፤ እርሱም በስካር በየመንገዱ እየጮኹ መዞር ነው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሲሸከም፥ በቃሉ ብቻ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሜልኮልን መስሎ ዳዊትን እንዳይንቅ ያስፈራል።

ዜማ በገዛ ኃይሉ ሰውን ያድናል ወይም ያጠፋል ለሚልም ሌላ ምስክር አለ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ16ኛው ምዕራፍ ዳዊት በገና ሲደረድር ክፉው መንፈስ ከሳኦል ይርቅ ነበር፤ ይህን ኮሌጆቹ ዘወትር ይጠቅሱታል። ሁለት ምዕራፍ አልፎ በ18ኛው ያው ዳዊት ያንኑ በገና ለዚያው ንጉሥ ሲደረድር ግን ሳኦል ጦር ወረወረበት፤ በ19ኛውም ደገመው። በገናው አልተለወጠም፥ እጁም አልተለወጠም፤ በመካከል የገባው ሴቶች ዳዊትን ስላመሰገኑት በሳኦል ልብ የበቀለው ቅንዓት ነው። ይህን ሁለተኛውን ምዕራፍ የሚጠቅስ ግን ብዙ አይገኝም።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካ ከታተሙት ሮክን ከሚነቅፉ መጻሕፍት አንዳንዶቹ ደግሞ፥ የዘፈኑ ምት ከአፍሪካ አረመኔዎች የአጋንንት አምልኮ የመጣ ነው ብለው ጻፉ። ይህን ነገር የጻፉት ሰዎች በአፍሪካ ምድር ከእነርሱ አገር መሠረት አስቀድሞ በከበሮ እግዚአብሔርን ስታመሰግን የኖረች ቤተ ክርስቲያን መኖሯን የመረመሩ አይመስልም። በኢትዮጵያ ከበሮና ጸናጽል የሚመቱት በቅዱስ ያሬድ ዜማ፥ በግዕዝና በዕዝል በአራራይም ነው። ሊቃውንቱም ለከበሮው ምሥጢር ይሰጡታል፤ ሰፊው አፉ የመለኮት፥ ጠባቡ አፉ የትስብእት፥ ጠፍሩ ጌታ የተገረፈበት የግርፋቱ፥ ልብሱ አይሁድ ሲዘብቱበት ያለበሱት ልብስ ምሳሌ ነው ይላሉ። እንግዲህ በዚያ መጽሐፍ ፍርድ መሠረት የሚቈረጠው በግሪንቪል የተማሪ ሬድዮ ብቻ አይደለም፤ የጎንደር አቋቋምም አብሮ ይቈረጣል፤ ከዚያም በላይ ከበሮንና ጸናጽልን ስም ጠርቶ የሚያዘው መዝሙር 150 ይቈረጣል።

ሥርዓቱ ከራሱም ጋራ አይስማማም። በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ኦፔራ የሚባለው የዜማ ተውኔት ሲታይ ኖሯል፤ የቬርዲ ሥራዎችም ከታዩት ውስጥ ናቸው። በኦፔራ ውስጥ ዝሙትና በቀል፥ መርዝና ጩቤ እንዳለ የማያውቅ የለም። ይህ ስለ ምን ተፈቀደ ቢሉ፥ ታሪኩ የኃጢአትን ፍጻሜ ስለሚያሳይ፥ ሥራውም የታላላቅ ሊቃውንት ስለ ሆነ ነው ይባላል። መልሱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ለኦፔራ ታሪኩና አሳቡ ተመርምሮለት ሲፈቀድ፥ ለሌላው ምቱ ብቻ ተሰምቶ ከተፈረደበት፥ ሚዛኑ ሁለት ነው ማለት ነው። የአንዱ ሚዛን ስም መጽሐፍ ቅዱስ፥ የሌላው ስም የአውሮፓ ልማድ ነው፤ ተማሪው ግን ሁለቱንም እንደ አንድ ሕግ ይቀበላል።

በሌላው ወገን ያሉ ተከራካሪዎችም ከስሕተት አላመለጡም። ሉተር መዝሙሮቹን ከመጠጥ ቤት ዘፈን ወሰደ የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ መሠረት ግን የለውም። እውነቱ ከዚህ ይልቅ ይጠቅማል። ሉተር ለልደት የጻፈው መዝሙር በ1535 በዓለማዊ የእንቈቅልሽ ዘፈን ዜማ ታተመ፤ በ1539 ግን ያ ዜማ ቀርቶ ሌላ ተሰጠው። ሐስለር በ1601 ለፍቅር ዘፈን የደረሰው ዜማ ደግሞ ዛሬ ፕሮቴስታንቶች የጌታን ሕማማት የሚያስቡበት ሆኗል፤ ባኽም በ1727 በተሰማው የማቴዎስ ሕማማት ውስጥ አግብቶታል። አንዱ ዜማ ከዓለም መጥቶ አልተስማማምና ተተወ፤ አንዱ ከዓለም መጥቶ ተቀደሰ። ይህን የለየው የጊዜና የምእመናን ማስተዋል ነው እንጂ የምት ቍጥር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ነገር ግን በትንቢተ አሞጽ በ5ኛው ምዕራፍ በቍጥር 23 እና 24 ያለው ነው። በዚያ እግዚአብሔር የእስራኤልን መዝሙር ጩኸት ከፊቱ እንዲያርቁ ያዝዛል። መዝሙሩ የተናቀው ምቱ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ በቤተ አምልኮ በበዓል ቀን የሚዘመር መዝሙር ነበርና። የተናቀው ፍርድና ጽድቅ እንደ ውኃ ስላልፈሰሱ ነው። በ6ኛውም ምዕራፍ እንደ ዳዊት የዜማ ዕቃ የሚያበጁት ሰዎች የሚነቀፉት በዮሴፍ ጥፋት ስላላዘኑ ነው።

ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሪውን ጆሮ ከከበሮ ምት ሲጠብቅ፥ ጥቁር ሰው እስከ 1971 ድረስ በተማሪነት አይቀበልም ነበር፤ በዚያ ዓመትም ያገቡትን ብቻ ተቀበለ፥ ያላገቡትን የተቀበለው በ1975 ነው። ከዚያም በኋላ ከልዩ ልዩ ዘር የሆኑ ወንድና ሴት ለጋብቻ እንዳይተያዩ የሚከለክል ሕግ ነበረው፤ ሕጉንም ከመጽሐፍ ያስረዳ ነበር። የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ በዚህ ምክንያት የግብር ምሕረቱን ሰርዞበት ነገሩ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1983 ተፈረደበት። ሕጉ የተሻረው በ2000 ነው። በ2008 ኮሌጁ ስለ ቀድሞው ነገር በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ የአገሩ ልማድ ከመጽሐፍ ይልቅ እንደ ገዛውም አመነ። ይህ ኑዛዜ የሚያስከብር ነው፥ ብዙ ታላላቅ ቤቶች እንዲህ አላደረጉምና። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በአዳራሹ የተዘመረው መዝሙር በኮሌጁ ሚዛን ንጹሕ ነበር። በአሞጽ ሚዛን ምን ነበር? ልማድ በጋብቻ ሕግ ላይ የመጽሐፍን ልብስ ለብሶ ያን ያህል ዘመን ከቈየ፥ የአፍሪካ ምት ነው ተብሎ በተጠላው ዜማ ላይም ያንኑ ልብስ ለብሶ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው የተማሪውን ኅሊና ይነካል፤ እግዚአብሔር ያልከለከለውን እንደ ከለከለ አድርጎ የተማረ ወጣት፥ ሐሰቱን ያወቀ ቀን እውነተኛውንም ትእዛዝ አብሮ ይጥላልና።

ሥርዓት ይቅር ማለት ግን አይደለም። የሎዶቅያ ጉባኤ በ53ኛውና በ54ኛው ቀኖና ምእመናን በሠርግ ቤት እንዳይዘሉ በጨዋነት እንዲበሉ፥ ካህናትም ተጫዋቾቹ ሳይገቡ ተነሥተው እንዲሄዱ አዝዟል። ጉባኤው የከለከለው ቦታውንና አኳኋኑን ነው፤ የትኛው ምት የሰይጣን፥ የትኛው የእግዚአብሔር እንደ ሆነ ዝርዝር አልጻፈም። በኢትዮጵያም ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል፤ ከበሮውን ረክሷል የሚለው ማንም የለም፥ በትንሣኤ ሌሊትም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ይመታል።