ኖራ በቁስቋም

ጎንደር ባለው በቁስቋም ሥራ የሚጀምር ግንበኛ ዓይኑ ወዲያው ድንጋዩ ላይ ያርፋል። አይፈረድበትም። እቴጌ ምንትዋብ፣ ባለቤታቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ እዚህ ባሠሩት ቤተ መንግሥት፣ ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ ሆኖ የመስኮቱ ዙሪያና የተቀረጸው መስቀል ቀላ ያለ ነው። እኔ ግን ለተለማማጆቼ አስቀድሜ የማሳየው በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ ነው።

ጥቁሩ ድንጋይ ብርቱ ነው። ቀዩ ለመሮ ይመቻል፤ ውኃም ይጠጣል። ክረምት ግድግዳው ውስጥ የሰረገው እርጥበት በጋ ሲመጣ መውጫ ይፈልጋል። መጋጠሚያው ኖራ ከሆነ በዚያው ይወጣል። በሲሚንቶ ከተደፈነ ግን የሚቀረው መንገድ ቀዩ ድንጋይ ነው፤ እርጥበቱ የተሸከመውን ጨው እዚያ ጥሎ ይሄዳል፣ የድንጋዩም ፊት እየተላጠ ይረግፋል። አስቀድሞ የሚጠፋው እንግዲህ ጠራቢው አብዝቶ የደከመበት ቅርጽ ነው።

ጎንደር ይህን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 የከተማዋን ፒያሳ ሰፈር የሠሩት ጣሊያኖች የነገሥታቱን ግንቦች በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠግነው ነበር። በኋላ በዩኔስኮ እገዛ በተካሄደው ጥገና ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተካ።

ኖራ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተቃጠለው ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ከዚያ ለሳምንታት ይተኛል። ግድግዳው ላይ ከዋለ በኋላም ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ፀሐይ እንዳያጣድፈው እርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን። የሥራው ቀን ሲረዝም አሠሪ ይጨነቃል፤ እኔ ግን በዚህ ነገር አልደራደርም።

አዲስ ቤት በሲሚንቶና በፌሮ ይሠራ፣ አልቃወምም። በቁስቋም አጠገብ ቤት የሚሠራ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ፣ የግንብ ጫፍ አስመስሎ በሲሚንቶ ከመለሰን ይልቅ በተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ዝቅ ያለ ቤት ይሥራ እላለሁ። አስመሳዩ ግንብ እውነተኛውን ያሳንሰዋል። ከቅርጹ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውኃው ነው። አዲሱ ግድግዳ አሮጌው ላይ አይደገፍ፤ መሐላቸው ሰው ገብቶ የሚጠርገው ክፍተት ይኑር። የቆርቆሮው ውኃ በአሸንዳ ተይዞ ከአሮጌው መሠረት ይራቅ፣ ቦዩም ሰኔ ሳይገባ ይቆፈር።