ዓይን ሲሄድ አካል ሲቆም፦ የምናባዊ እውነታ ጨዋታዎችና የተማሪው ማቅለሽለሽ

ከጎሬ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ ወደ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ፣ ጠመዝማዛ የበዛበት መንገድ ነው። በዚህ መንገድ በአውቶቡስ የተጓዘ መምህር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንዱ ሎሚ ሲያሸት፣ ሌላው ፌስታል ሲጠይቅ፣ ሦስተኛው መስኮት እንዲከፈትለት ሲለምን፣ አራተኛው ደግሞ ንፋስ ይመታኛል ብሎ ሲከለክል መታየቱ ነው። ከጋምቤላ ከተማ ወደ አቦቦ የሚወስደው መንገድ ሜዳማ በመሆኑ ያው ተሳፋሪ ከዚያ ወዲያ ፋታ ያገኛል። ሾፌሩ ግን ቁልቁለቱንም ሆነ ሜዳውን ሳይታወክ ይዘልቃል።

ይህ የመንገድ ላይ ገጠመኝ ዛሬ የትምህርት ጥያቄ ሆኖ መጥቷል። በራስ ላይ የሚጠለቀውና ቪአር እየተባለ የሚጠራው የምናባዊ እውነታ መነጽር ተመልካቹን ካለበት ሳያንቀሳቅስ በሥዕል ወደተሠራ ዓለም የሚያስገባ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦኩለስ ሪፍት፣ ኤችቲሲ ቫይቭና ፕሌይስቴሽን ቪአር የተባሉት መነጽሮች ለገበያ ከቀረቡ ወዲህ፣ መሣሪያው በመጀመሪያ ለጨዋታ፣ ቀጥሎም ለማስተማሪያ እንዲውል በብዙ አገሮች ተሞክሯል። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራን፣ ባሕር ላላየ ተማሪ ባሕርን ያመጣል የሚል ተስፋም አብሮት ይነገራል። ሆኖም መነጽሩን ካጠለቁት ሰዎች መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ቀዝቃዛ ላብም ያልባቸዋል። ይህ ሐተታ የታወቁ የመነጽር ጨዋታዎችን በማነጻጸር የሚያሳየው፣ ማቅለሽለሹ የተማሪው ድክመት ሳይሆን የቀረበለት ሥራ ጉድለት ምልክት መሆኑን ነው። ይህን ለይቶ ሳያውቁ መሣሪያውን ወደ ክፍል ማስገባት፣ ሕመሙን የተማሪው ጥፋት አድርጎ ወደመቁጠር ያደርሳል።

የሕመሙ ምክንያት

የሰው ልጅ መንቀሳቀሱን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጠኛ ክፍል የራስን መዞር የሚለኩ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች፣ ቀጥታ እንቅስቃሴንና የመሬትን ስበት የሚለኩ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶችም አሉ። ጡንቻና መገጣጠሚያም የየራሳቸውን መልእክት ወደ አንጎል ይልካሉ። እነዚህ ምስክሮች ሲስማሙ አካል ይረጋጋል፤ ቃላቸው ሲጣረስ ግን ይታወካል። ሪዝንና ብራንድ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ጉዞ ሕመም ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ያብራሩት ይህንኑ የስሜት ሕዋሳት ግጭት ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ዓይን የፊተኛውን ወንበር ጀርባ እያየ «ቆመናል» ሲል ጆሮ «እየዞርን ነው» ይላል። በመነጽሩ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓይን «እየሮጥን ነው» ሲል ጆሮና እግር «ወንበር ላይ ነን» ብለው ይመሰክራሉ። መንገዱ ተቃራኒ ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው።

የውስጥ ጆሮ ድርሻ ትልቅ መሆኑ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1882 መስማት የተሳናቸውን ሰዎች መርምሮ፣ ብዙዎቹ በፍጥነት ሲሽከረከሩ እንደሌላው ሰው እንደማያዞራቸው ገልጿል። የሚዛን ሕዋሱ ሥራውን ያቆመበት ሰው ምስክር የሚጣላበት ምክንያት የለውም።

ሕመሙ የድክመት ምልክት አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላም ማስረጃ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሄሊኮፕተር በረራን የሚያስመስል መሣሪያ ሥራ ላይ ሲውል፣ ይበልጥ የታመሙት ጀማሪዎቹ ሠልጣኞች ሳይሆኑ ልምድ ያላቸው አሠልጣኝ አብራሪዎች ነበሩ። እውነተኛውን በረራ አካላቸው ስለሚያውቀው ሐሰተኛው ሥዕል የጎደለውን ነገር ወዲያው ለዩት። ከዚህ እንደሚታየው ፈጥኖ የሚታመም ሰው ፈሪ ወይም ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም።

የሾፌሩ ደኅንነትም ምሥጢር የለውም። መሪውን የያዘው እርሱ ስለሆነ ጠመዝማዛው ከመምጣቱ በፊት አካሉ ይዘጋጃል። ተሳፋሪው ግን ሌላ ሰው በወሰነለት ጊዜና አቅጣጫ ይወሰዳል። የመነጽር ጨዋታዎችም በመጀመሪያ ሊመዘኑ የሚገባቸው ተጫዋቹን ሾፌር ወይም ተሳፋሪ በማድረጋቸው ነው።

ጨዋታዎቹ ሲመዘኑ

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሬዚደንት ኢቭል 7 በአስፈሪነቱና በሥዕሉ ጥራት የተመሰገነ ሥራ ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ፣ በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ በጨለማ ቤት ውስጥ ይራመዳል። ሥራው ከመጠናቀቁ በፊት እ.ኤ.አ. በ2016 በሎስ አንጀለስ ለእይታ ሲቀርብ፣ የሞከሩት ጋዜጠኞች ማቅለሽለሽ እንደገጠማቸው ጽፈው ነበር። ሲጠናቀቅ ግን ተጫዋቹ ቀስ እያለ ከመዞር ይልቅ በተወሰነ ማዕዘን በአንድ ጊዜ እንዲዞር የሚያስችል ምርጫ ቀረበለት። ይህ ማሻሻያ መልካም ቢሆንም መሠረቱን አልለወጠም፤ አካሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ብቻውን መጓዙ አልቀረምና።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጆብ ሲሙሌተርና በ2018 የቀረበው ቢት ሴበር በአንጻሩ የተለየ መንገድ መርጠዋል። በመጀመሪያው ተጫዋቹ በአንዲት ወጥ ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ ቆሞ ዕቃ በገዛ እጁ ያነሣል፤ ያስቀምጣል፤ ይወረውራል። በሁለተኛው ደግሞ ባለበት ቆሞ፣ በሙዚቃው ምት ወደ እርሱ የሚመጡትን ሣጥኖች በሁለት ሰይፎች ይቆርጣል። በሁለቱም ዓለሙ ተጫዋቹን ተሸክሞ አይሄድም፤ ዓይን የሚያየው እርምጃ እግር የረገጠው፣ ዓይን የሚያየው ክንድም ጡንቻ ያነሣው ነው። እነዚህ ጨዋታዎች ከሌሎቹ ይልቅ ለአካል የሚስማሙ ሆነው የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ጉድለታቸው ጠባብ መሆናቸው ነው፤ ስለ አንድ አገር ወይም ስለ አንድ ወንዝ በአንዲት ክፍል ውስጥ ቆሞ ብዙ ማስተማር ያስቸግራል።

በሁለቱ ወገን መካከል ያለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሃፍ ላይፍ አሊክስ ነው። ይህ ሥራ ሰፊ ከተማ ውስጥ የሚያዘዋውር ሲሆን፣ የመዘዋወሪያውን ስልት ግን ለተጫዋቹ ይተዋል። የሚፈልግ በመቆጣጠሪያው ያለማቋረጥ ይራመዳል፤ የማይስማማው ደግሞ መድረሻውን በእጁ አመልክቶ፣ ሥዕሉ ለቅጽበት ጠፍቶ ሲመለስ ራሱን እዚያው ቆሞ ያገኘዋል። በዚህ ዐይነት ዝላይ መሐል ዓይን የሚመሰክረው ጉዞ ስለሌለ ከጆሮ ጋር የሚጣላበት ነገር ይቀንሳል። በእርግጥ እንዲህ የሚዘል ሰው የመንገዱን ርዝመት በአግባቡ አይገነዘብም፤ ለጂኦግራፊ መምህር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። የሆነ ሆኖ ሥራው የአካል ልዩነትን ከመጀመሪያው አስቦ በመነሣቱ ከሦስቱም ወገኖች የበለጠ ምስጋና ይገባዋል።

ለትምህርት ቤት ተብሎ የተዘጋጀው የጉግል ኤክስፔዲሽንስ ከጨዋታ ወገን ባይሆንም ከዚህ ሚዛን ሊቀር አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲቀርብ፣ መምህሩ እየመራ ተማሪዎቹ በካርቶን መነጽር ውስጥ በተቀመጠ ስልክ ዙሪያውን የሚታዩ ሥዕሎችን እንዲመለከቱ ያደርግ ነበር። ሥዕሎቹ በአብዛኛው የማይንቀሳቀሱ መሆናቸው ጠቅሟል፤ መምህሩም መሪነቱን አልተነጠቀም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ያሳስባሉ። አንደኛ፣ ዋጋቸው ርካሽ የሆነው እነዚህ የካርቶን መነጽሮች የራስን መዞር እንጂ ወደ ፊትና ወደ ጎን ማዘንበልን አይከታተሉም፤ ስለዚህ ተማሪው አንገቱን ዘርግቶ ሊያይ ሲሞክር ዓለሙ አብሮት ይገፋል፤ ግጭቱም ከዚያው ይወለዳል። ሁለተኛ፣ አቅራቢው ድርጅት አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አቋርጦታል። ትምህርቱን በዚያ ላይ የመሠረተ ትምህርት ቤት መነጽሩ እጁ ላይ ሲቀር ትምህርቱ ሄዷል።

ከፕላዝማው የተገኘ ትምህርት

ይህ ሁሉ ለአቦቦ ሩቅ ነገር ነው የሚል መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ ፕላዝማ የተባለው፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ አመጣጡ ድንገተኛ ነበር። የጎደለ ቤተ ሙከራን በሥዕል ማካካሱ፣ ለገጠሩም ለከተማውም አንድ ዐይነት ትምህርት ማቅረቡ ሊካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይሄድ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው፣ መምህሩም ሊያዘገየው አይችልም ነበር። ለመምህሩ የተተዉለት የመግቢያና የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ተማሪው በሌላ ሰው ፍጥነት የተወሰደው በአእምሮው ነበር፤ በመነጽሩ ግን አካሉም ጭምር ይወሰዳል። ከፕላዝማው ኋላ የቀረ ተማሪ ዝም ብሎ ሊቀመጥና ጉዳቱ እስከ ፈተና ቀን ሳይታወቅ ሊቆይ ይችል ነበር። የመነጽሩ ጉዳት ግን ወዲያው በፊት ላይ ይነበባል። በዚህ አንጻር ማቅለሽለሹ ጠቃሚ ምስክር ነው፤ ምስክሩን የሚሰማ መምህር ክፍሉ ውስጥ መኖሩና ትምህርቱን የማቆም ሥልጣን ያለው መሆኑ ግን አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

ለአቦቦ ክፍል

በአቦቦ ይህ ምስክርነት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጋምቤላ ወባ የሚበዛበት ቆላ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ድካም የመነጽሩ ሕመም ምልክቶች ብቻ ሳይሆኑ የወባም ምልክቶች ናቸው። መነጽር አጥልቆ የታመመን ልጅ «መሣሪያው ነው፤ ይለቅሃል» ብሎ ማሰናበት ለሕይወት የሚያሰጋ ስሕተት ሊሆን ይችላል። የመነጽሩ ሕመም መነጽሩ ከወለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል፤ ትኩሳትም አያመጣም። ትኩሳት ያለበት ወይም ከዕረፍት በኋላ ያልተሻለው ተማሪ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። በአቦቦ አኙዋኮችና ከደጋ የመጡ ሰፋሪዎች በአንድ ወረዳ ይኖራሉ። ሕመሙን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1993 የተዘጋጀው መጠይቅ 16 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ ማዞርን፣ ማቅለሽለሽንና የዓይን ድካምን የመሳሰሉትን ለያይቶ ይጠይቃል። ልጅ ግን ሆዱ የሚሰማውን በደንብ የሚናገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። በሁለተኛ ቋንቋ «ደኅና ነህ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «አዎን» ማለቱ ብዙውን ጊዜ ከይሉኝታ የመጣ ነውና እንደ ማስረጃ ሊወሰድ አይገባውም።

ስለሆነም መሣሪያው እንዲገዛ ሐሳብ ሲቀርብ የሚከተሉት ነጥቦች አስቀድመው ቢታዩ ይጠቅማል፦

ሀ. ለግዥ የሚቀርበው ሥራ ተማሪውን ራሱ የሚያንቀሳቅስ እንጂ ተሸክሞ የሚሄድ እንዳይሆን፣ ቢያንስም የመዘዋወሪያ ምርጫ እንዲኖረው፤

ለ. የአምራቹ የዕድሜ ገደብ እንዲከበር፤ የመኪና ሕመም ከ9 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ገደማ የሚበረታ መሆኑም እንዲታሰብ፤

ሐ. የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በጥቂት ደቂቃዎች እንዲወሰኑ፤ አካል ቀስ በቀስ የሚለምድ ቢሆንም የታመመን ልጅ «ቻለው» ብሎ ማስቀጠል ክልክል እንዲሆን፤

መ. መነጽሩ ለማይስማማው ተማሪ ያው ትምህርት በሥዕል፣ በሠርቶ ማሳያ ወይም በጉብኝት እንዲዘጋጅለትና በውጤቱ እንዳይጎዳ።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል። ስለ መስኖ ለማስተማር በአቦቦ የአልዌሮ ግድብ አለ፤ እዚያ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ዓይኑ፣ ጆሮውና እግሩ አንድ ቃል ይመሰክሩለታል። መነጽሩ ሊያሳይ የሚገባው በእግር የማይደረስበትን ነው፤ ባሕርን፣ የልብን ውስጥ፣ የጨረቃን ገጽ። ያንንም ሲያሳይ መሪውን ለተማሪው፣ ማቆሚያውን ለመምህሩ ሊሰጥ ይገባል። ይህን የማያሟላ ሥራ በሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከክፍል ውጭ ቢቀር ይሻላል።