ገብረ ክርስቶስን ከሆሳዕና ሲያነቡት

ስለ ገጣሚውና ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሞቱ ይጀምራል። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ ማረፉ ይተረካል። ቀጥሎ «ሀገሬ» ይነበባል፤ አዳራሹ ይተክዛል፤ መርሐ ግብሩ ያልቃል። እንዲህ ያለው መታሰቢያ ለሰውዬው ክብር የሚሰጥ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ሥራውን በአሟሟቱ መሸፈን ነው። ገብረ ክርስቶስ በስደተኛነቱ ከልክ በላይ ተወድሷል፤ በስንኝ አዋቂነቱ ግን ገና በወጉ አልተነበበም። ከእሱ በኋላ የመጡ ገጣሚዎችም ብዙዎቹ የወረሱት ናፍቆቱን ነው፤ እጁን አልወረሱም።

«ሀገሬ»ን ራሱን እንውሰድ። ግጥሙ ስለ አገር ናፍቆት እንደሚናገር አያከራክርም። ነገር ግን እንደ ስደቱ ትንቢት መነበቡ ዓይናችንን ጋርዶታል። አገሩን የሚያስታውሰው በፀሐይዋና በቀለሟ ነው፤ ይህ የሠዓሊ ትዝታ ነው። የእሱን ፈለግ ተከተልን የሚሉት ደግሞ ቀለሙን ትተው እንባውን ወሰዱ። ባንዲራ፣ እናት፣ ጎጆ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ። በዚህ መንገድ የተጻፈውን ግጥም ሁሉ ቢሰበስቡት ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ይመስላል፤ ያ ሰው ግን ገብረ ክርስቶስ አይደለም።

የዌልሱ ገጣሚ ዲላን ቶማስም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ስዋንዚ ተወለደ፤ በ1953 ከአገሩ ርቆ ኒው ዮርክ ውስጥ በ39 ዓመቱ ሞተ። የመጠጡና የአሟሟቱ ወሬ ከግጥሞቹ በላይ ገነነ። ሆኖም የገዛ አገሩ ሠዓሊ ሴሪ ሪቻርድስ ገጣሚው በሕይወት ሳለ፣ በ1947፣ በአንድ ግጥሙ ላይ ተመሥርቶ የኅትመት ሥዕሎች ሠራ። የሠራው መልኩን ወይም ኑሮውን አልነበረም፤ በግጥሙ ውስጥ ልደትንና ሞትን በአንድ ግንድ የሚያሳልፈውን ኃይል ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ስትራቪንስኪም በ1954 ለሟቹ መታሰቢያ ሲጽፍ አንድ ግጥሙን መርጦ ዜማ አበጀለት። ወሬው እዚያም አለ፤ ነገር ግን ከወሬው ጎን ስንኙን በእጁ ይዞ የሠራ ሰው ተገኘ። በእኛ ዘንድ የጎደለው ይህ ነው።

ስንኙን እንያዝ እንግዲህ። በ1998 ዓ.ም. የታተመው መድበሉ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ይባላል። ይህን ርእስ ሁሉም ሰው ይጠራዋል፤ ቆም ብሎ የሚመለከተው ግን ጥቂት ነው። ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ሰፊ መንገድ ስጡኝ» ነው የሚለው። ገጣሚው ቅጽሉን ከስሙ ነጥቆ ከግሱ በኋላ አስቀመጠው። የተለመደው ማብራሪያ፣ ልኬት አስገድዶት ነው የሚለው፣ እዚህ አይሠራም። ሁለቱንም አሰላለፍ በቀለም ብንቆጥራቸው እኩል ስድስት ስድስት ናቸው፤ ስድስት ቀለም ደግሞ ወል ቤት የተባለው የቆየ የግጥም ልኬት ግማሽ ስንኝ ነው። ስለዚህ ለልኬቱ ሲል ምንም መገለባበጥ አላስፈለገውም። ለቤት መምቻ ነው እንዳይባልም ሐረጉ መጽሐፉ ላይ ያለ ጥንድ ለብቻው ቆሞ ጉልበቱን አላጣም።

እንግዲያው ምን ፈልጎ ነው? እንደ እኔ ንባብ፣ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ሊጠይቅ ነው። «መንገድ ስጡኝ» ብሎ ቢያበቃ ልመናው ሙሉ ነው፤ ሰሚውም ይሰጠው ዘንድ ይዘጋጃል። ያን ጊዜ «ሰፊ» ይመጣና የተሰጠውን መንገድ ሁሉ ያጠብበዋል። መለመን የጀመረው ሰው በሁለት ቀለም ውስጥ አዛዥ ሆነ። የተራ ንግግሩ አሰላለፍ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ስፋቱ አስቀድሞ ስለሚነገር የሚያስደንቅ ነገር አይቀረውም። አፈንጋጭ የተባለው ገጣሚ ይህን ሁሉ የሠራው የአያቶቹን ልኬት አንዲት ቀለም ሳያጎድል ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅና የብራና ሰው እንደነበሩ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ልጁ የወጣው ከዚያ ቤት ነው፤ ቤቱንም አላፈረሰም።

ስለ ሥዕሉ የሚባለውም እንዲሁ የተዛባ ነው። ከጀርመን ተመልሶ ሥራዎቹን ሲያሳይ የቀረበበት ትልቁ ነቀፌታ ረቂቅ ሥዕል የባዕድ ነው የሚል ነበር። ተከራካሪዎቹ፣ ደጋፊዎቹም ጭምር፣ «የእኛ» ሲሉ ያሰቡት የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ሀዲያዋ ከተማ ሆሳዕና፣ የተጓዘ ሰው ግን ጭቅጭቁን በሌላ ዓይን ያየው ነበር። በሀዲያ ገጠር፣ በከምባታ፣ ይልቁንም በሀላባ ቁሊቶ አካባቢ፣ የሣር ክዳን ቤቶች ግድግዳቸው ይሣላል። ከበሩ ግራና ቀኝ ጥርስ መሳይ መስመር ይወጣል፤ ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ፤ ክብ በክብ ውስጥ ይገባል፤ ቀዩ ከነጩ አጠገብ ሲቀመጥ ጥቁሩ ይለያቸዋል። እርግጥ አንዳንዱ ግድግዳ ላይ እንስሳና ሰውም ይገኛል። አብዛኛው ግን ማንንም አይመስልም፤ ማንንም እንዲመስል የሚጠይቀው ጎረቤትም የለም። ገብረ ክርስቶስ እነዚህን ግድግዳዎች አይቷል እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ቅርጽና ቀለም ያለ ምስል ብቻቸውን ይበቃሉ የሚለው ሐሳብ ኮሎኝ ድረስ ሄዶ የሚመጣ ዕቃ አልነበረም። ሥነ ጥበባችን ከአንድ ወገን ብቻ ሲጻፍ ግን ከሆሳዕና የመጣ ተማሪ የእናቱን ቤት ግድግዳ ትቶ ረቂቅነትን ከአውሮፓ መጽሐፍ እንዲማር ይገደዳል።

ከገብረ ክርስቶስ የተማሩት ሁሉ ናፍቆቱን ብቻ ወሰዱ ብል ግን እዋሻለሁ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመረቀ፣ ኋላም አሜሪካ የኖረ ሠዓሊ ነው። ፊደልን ከትርጉሙ አላቅቆ ይዘረጋዋል፣ ያጎብጠዋል፣ ይገለብጠዋል፤ የማይነበብ ነገር ግን የሚታወቅ ጽሑፍ ያደርገዋል። የመምህሩ ሁለት ሙያዎች፣ ግጥሙና ሥዕሉ፣ በአንድ ሸራ ላይ የተገናኙት እዚህ ይመስለኛል። እሱም ስደተኛ ነው፤ ሸራው ግን ስለ ስደቱ አያለቅስም። እርግጥ አንዳንዴ ፊደሉ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ያም ቢሆን ከመቶ የናፍቆት ግጥም ይሻላል።

ገብረ ክርስቶስ ራሱስ ቢሆን ሁልጊዜ ከፍ አይልም። በ1963 እ.ኤ.አ. የሣለው «ጎልጎታ» በቀይ ቀለሙ ያስደነግጣል፤ ስቅለትን ከመተረክ ይልቅ ቁስሉን በቀጥታ ዓይን ላይ ያሳርፋል፤ በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው «አረንጓዴ አብስትራክት» ግን ሥርዓተኛ ነው፣ የተማረ ነው፣ ትንሽም ቀዝቃዛ ነው። ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመው ማዕከል አንድ ቀን ይህን ሥዕል ከሀላባ ወይም ከሀዲያ ግድግዳ ሙሉ መጠን ፎቶግራፍ ጎን ቢሰቅለው ማየት እፈልጋለሁ። ማን እንደሚያሸንፍ አልጠራጠርም፤ ሸራው አይመስለኝም።