ጨለማውን ማን አጠበው?

መሐል ሜዳ ላይ ብርድ ማታ ይጀምራል ማለት ስህተት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደጅ ሲጠብቅ ውሎ ማታ ይገባል እንጂ። ነገሩ የሆነው ከሃያ ዓመት በፊት፣ ክረምቱን መንዝ ከእናቴ እናት ዘንድ በማሳልፍበት ዘመን ነው። አንድ ምሽት ከአጎቴ ልጅ ጋር አንዲት ባና ለሁለት ተከናንበን በጄኔሬተር ወደሚሠራ ቪዲዮ ቤት ገባን። የለመድነው ካራቴና የሕንድ ፊልም ነበር። የዚያን ዕለት ግን ዴኩ የዋጠው ካሴት ጥቁርና ነጭ ሆኖ ተገኘ። ሙታን ተነሥተው አንዲት የገጠር ቤት ይከባሉ፤ ውስጥ ያሉት ሰዎች በርና መስኮቱን በሳንቃ ይመታሉ። ምስሉ ይርገበገባል፣ ከታች ነጭ መስመር ይወጣበታል፣ ድምፁም ከጄኔሬተሩ ጩኸት ጋር ተዳብሎ አንድ ረዥም ጉርምርምታ ሆኗል።

እቤት ስንመለስ አያቴ እሳት ዳር ነበረች። ያየነውን ተሽቀዳድመን ነገርናት። ጨርሰን እስክናበቃ ዝም ብላ ሰማችና «ድምፃቸውስ እንዴት ነው?» አለችን። የምንመልሰው አጣን። «ድምፅ ከሌለውማ ምኑ ያስፈራል፤ ጅብ እንኳ ቀድሞ የሚመጣው በጆሮ ነው» ብላ ወደ እሳቷ ተመለሰች።

ስለ ፊልም ቅጂ ጥራት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህች ጥያቄ የተሻለ መለኪያ ግን ገና አላገኘሁም።

የፊልሙን ስም ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በአነስተኛ ገንዘብ የሠራው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ኖሯል። ይህ ፊልም በዓለም ላይ መጥፎ ቅጂ ከበዛባቸው ፊልሞች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። ከመታየቱ በፊት አከፋፋዩ ርእሱን ለወጠው። የባለቤትነት መብት ማስታወቂያው የነበረው በቀድሞው የርእስ ጽሑፍ ላይ ስለነበር በአዲሱ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። በዘመኑ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ማስታወቂያ የሌለው ሥራ የሕዝብ ነው። በዚህ የተነሣ ማንም ካሴት የነበረው ሁሉ እያባዛ ቸበቸበው። ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ፣ ከዚያም ላይ ሌላ።

ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ምን እንደሚደርስበት የቪዲዮ ዘመን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ብርሃኑ ይነድዳል፣ ጥላው ይሰምጣል፣ ድምፁ ወደ ኋላ ይሸሻል። መንዝ የደረሰው ካሴት የስንተኛ ትውልድ ልጅ እንደነበር እግዜር ይወቀው። እኛ ግን አልተከፋንም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2016 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፊልም ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ፊልሙን ከዋናው ኔጌቲቭ በ4ኬ አደሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ክራይቲሪየን የተባለው አሳታሚ በብሉ ሬይ አወጣው። ይህንን እትም ሳየው መጀመሪያ ያስደነገጡኝ ሙታኑ አልነበሩም፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ የቤን ፊት ነው። ቤንን የሚጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። መንዝ ላይ ይህንን አላወቅሁም። የሁሉም ሰው ፊት ወይ ኖራ ወይ ጥላሸት ነበርና ቤን አንድ የሚንቀሳቀስ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ነው ያለፈው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። በፊልሙ መጨረሻ ያን ሌሊት በሙሉ የታገለው ሰው ሲነጋ ከሙታኑ እንደ አንዱ ተቆጥሮ በታጠቁ ነጮች ጥይት ይወድቃል። ከዚያ የሚንቀሳቀሰው ምስል ያበቃና ተራ በተራ ፎቶግራፎች ይመጣሉ፤ ሬሳውን በሜንጦ ሲያነሡት፣ ለእሳት ሲያዘጋጁት። ፊቱ ያልታየ ሰው ሲሞት «ተሳስተው ገደሉት» ብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ፊቱ ሲታይ ግን በ1960ዎቹ አሜሪካ በጋዜጣ ላይ የታተሙ ፎቶግራፎች ትዝ ይሉናል። መጥፎው ቅጂ ውበቱን ብቻ ሳይሆን ትርጉሙንም ነው የወሰደብን። በዚያ ላይ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ለሚቀጥለው ተመልካች ካሴቱን ለማጠንጠን ሲቸኩል ፎቶግራፎቹን አጠፋብን።

እነዚያ ፎቶግራፎች ለቅጂ መርማሪ ሁሉ ፈተና ናቸው። ሆን ተብለው ሻካራ ሆነው ነው የተሠሩት፤ ቅንጣታቸው እንደ አሮጌ ጋዜጣ ይታያል። ዛሬ ማንኛውም ኮምፒዩተር ይህንን ቅንጣት ጠራርጎ ማለስለስ ይችላል፤ ብዙ አሳታሚም «ጥርት ያለ» እያለ የሚሸጥልን እንዲህ የታጠበውን ነው። ሲታጠብ ፊት ሰም ይሆናል፣ ጨርቅ ፕላስቲክ ይሆናል። የ2018ቱ እትም ትልቁ ችሎታ ጭረቱንና ቆሻሻውን አንሥቶ ቅንጣቱን መተዉ ነው። ቆሻሻ ከውጭ የመጣ ነው፤ ቅንጣት ግን የፊልሙ ሥጋ ነው። ይህንን ያልለየ አዳሽ እድፉን ሲያወጣ ጥለቱንም አብሮ እንደሚያለቅቅ አጣቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ይኸው ፊልም ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ ሙታኑ አረንጓዴ ሆነው ነበር። ቀለሙ ሲጨመር ፍርሃቱ ቀነሰ።

ጨለማም እንደዚሁ ነው። የጀርመናዊው ሙርናው «ኖስፌራቱ» እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሠራ የዘመኑ ካሜራ ሌሊት መቅረጽ ስለማይችል የሌሊቱ ትዕይንት በቀን ተቀረጸ፤ ኋላም ሌሊት መሆኑ እንዲታወቅ ፊልሙ ሰማያዊ ቀለም ተነከረ። የድራኩላ ደራሲ የብራም ስቶከር ሚስት ከሳ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ ወሰነ፤ የተረፉት በየአገሩ የተበተኑት ናቸው። ከእነርሱ ተገልብጠው ለብዙ ዓመታት በካሴት የተሸጡት አብዛኞቹ ቀለም አልነበራቸውም። በእነዚያ ካሴቶች ላይ የፀሐይ ብርሃን የሚገድለው ጭራቅ በጠራራ ፀሐይ ሣጥኑን ተሸክሞ ይሄዳል። ተመልካችም ሳቀ። የሳቀው ግን በፊልሙ ሳይሆን በቅጂው ነበር። ቀለሙን የመለሱት የኋላ እትሞች ሌሊቱን ለሌሊት መለሱለት።

ይህ ማለት ሰማያዊ የሆነ ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሐመር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው «ድራኩላ» ጃፓን ውስጥ ከተገኙ ቁራጮች ጋር ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2013 በብሉ ሬይ ሲወጣ፣ ብዙ ተመልካች ምስሉ ከመጠን በላይ ሰማያዊና ጨለማ ሆኗል ሲል ወቀሰው። ከአንድ ቦታ የጠፋ ትዕይንት ተገኘ፣ ከሌላ ቦታ የደሙ ቅላት ደበዘዘ። እድሳት ፍርድ ነው፤ ፈራጅም ይሳሳታል። ስለዚህ «ታድሷል» የሚለው ቃል ብቻውን ምስክር ሊሆነን አይችልም።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ። ስለ ቅጂ የሚጽፉ ሰዎች ዘጠኝ እጁን ስለ ምስል ያወሩና ድምፁን በመጨረሻ አንድ መስመር ይሰጡታል። በአስፈሪ ፊልም ግን ዓይንን መጨፈን ይቻላል፤ ጆሮን አይቻልም። የጣሊያናዊው ዳሪዮ አርጀንቶ «ሱስፒሪያ» እ.ኤ.አ. በ1977 ሲወጣ ጎብሊን የተባለው ቡድን የሠራው ሙዚቃ በአራት መስመር ድምፅ ተመልካቹን ከየአቅጣጫው እንዲከብበው ሆኖ ነበር የተቀናበረው። በካሴት ሲገለበጥ ያ ሁሉ ተጨፍልቆ ከአንድ ጥግ የሚመጣ ሙዚቃ ሆነ። ሲናፕስ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው እትም አራቱን መስመሮች መለሳቸው። የሮሜሮ ፊልም ድምፅ ደግሞ ከመነሻው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እርሱን ለአምስት ድምፅ ማጉያ ማከፋፈል ማስዋብ ሳይሆን ማሳሳት ነው። መልካም እትም ያልነበረውን አይጨምርም። ፀጥታውንም አይገድልም፤ ሽውታውን ለማጥፋት ሲባል የክፍሉ ትንፋሽ አብሮ ሲጠፋ ፀጥታው የመቃብር ሳይሆን የተበላሸ ሬዲዮ ፀጥታ ይሆናል።

በእኛ ገበያ ያሉት በአማርኛ የተተረጎሙ ፊልሞች እዚህ ላይ ይነሣሉ። አንድ ተራኪ ከላይ እየተናገረ ታሪኩን እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ማድረሱ ትልቅ ውለታ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን በሩ ሲንቋቋ «አሁን በሩ ሊከፈት ነው» የሚል ድምፅ ከመጣ፣ በሩን የከፈተው ተራኪው ነው። የመንዝ ሽማግሌ ተረት ሲነግር የት ዝም እንደሚል ያውቃል። ተራኪዎቻችን ይህንን ከራሳቸው አያቶች ቢማሩ ምን አለበት?

ይህን ሁሉ ስለ ፈረንጅ ጭራቅ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ፊልም ነው። የታደሰው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ላይ፣ ማርቲን ስኮርሴዚ በመሠረተው ፋውንዴሽን ድጋፍ ነው። «ሳንኮፋ»ም በ4ኬ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔትፍሊክስ ታየ። ሁለቱም የተረፉት የሚቆረቆርላቸው ስለተገኘ ነው። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ በካሴት የተቀመጡት የአማርኛ ድራማዎችና የቪዲዮ ፊልሞችስ? ላም አለኝ በሰማይ ሆነውብናል። የካሴት ማግኔት በየዓመቱ ይደክማል፤ የሚያጫውተው ዴክም ከገበያ ጠፍቷል። አንድ ቀን የሚያድሳቸው ቢመጣ እንኳ ምን እንደጠፋ የሚለይ ዓይንና ጆሮ ከሌለን፣ የታጠበውን «ጥርት ያለ» ብለን እንቀበላለን።

እስከዚያው ድረስ ግን እቤታችን ልንሞክር የምንችለው አለ። ጨለማ ትዕይንት ላይ ቁሙ። በጥቁር ካፖርት ላይ እጥፋት ይታያል? ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ አራት ማዕዘን እየሆነ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በፍላሽ የመጣላችሁ ቅጂ ከመጠን በላይ ተጨምቋል። ፊቱ ቆዳ ነው ወይስ ሰም? ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍኑና ስሙ።

ባለፈው ዓመት የታደሰውን ፊልም ይዤ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። አያቴ የለችም። የአጎቴ ልጅ ዛሬ ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አለው። ገና እንደጀመርን «ጨለማ በዛበት፤ ላብራልህ?» ብሎ ሪሞቱን ተጫነ፤ ሌሊቱ ወዲያው አመድ መሰለ። እንዲመልሰው ለመንሁት። ሳይከራከር መለሰው፤ እስከ መጨረሻው ፎቶግራፍ ድረስም አብረን ዝም ብለን አየን።

«ሰውየው ጥቁር ነው እንዴ?» አለኝ ሲያልቅ።

«አዎ።»

«ያኔም ጥቁር ነበር?»