ዲጂታል መለኪያ በእንጨት ሥራ ማሽን ላይ፤ ስለ ሥልጠና ጥቅሙና ስለ ገደቡ

በነባር የእንጨት ሥራ ማሽኖች ላይ ዲጂታል መለኪያ መግጠም በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ዙሪያ ከሚነሡት የማሻሻያ ሐሳቦች አንዱ ነው። ወጪው ዝቅተኛ፣ አገጣጠሙም ቀላል በመሆኑ የዕቅድ አውጪዎችን ዓይን መሳቡ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ሊመዘን የሚገባው በማሳያው ላይ በሚነበበው ቁጥር ሳይሆን ሠልጣኙ ሠርቶ በሚያወጣው በርና ጠረጴዛ ነው። ለዚህም የጎጃም ደጋ፣ በተለይም ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ፣ ጥሩ መፈተኛ ይሆናሉ።

መሣሪያው በአሠራሩ ከዲጂታል ካሊፐር እምብዛም አይለይም። አናጢዎች ቲክነሰር በሚሉት የውፍረት ማሽን ላይ ሲገጠም ረጅሙ ዘንግ ከማሽኑ አካል ጋር፣ አንባቢው ክፍል ደግሞ ከሚነሣውና ከሚወርደው ጠረጴዛ ጋር ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ በሰዓት ባትሪ ስለሚሠራ የመብራት መቋረጥ አያሰናክለውም። ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ባረጁ ማሽኖች ላይ ነው። ማንሻው ብሎን በአገልግሎት ብዛት ሲላላ እጀታው ዞሮ ጠረጴዛው ባለበት ሊቆይ ይችላል፤ የእጀታውን ዙር የሚቆጥር ሠልጣኝም በዚህ ይሳሳታል። ዲጂታሉ መለኪያ ግን የጠረጴዛውን ቦታ በቀጥታ ስለሚያነብ አይታለልም። በማሽን የሚሠራ የእንጨት ሥራን ማስተማር ለጎጃም አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ከተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት የትምህርት ዘርፎች አንዱ የእንጨት ቴክኖሎጂ ነበር። ማሽንን ከመተካት ይልቅ ጠግኖ ማቆየት ግድ በሚሆንበት አገር ይህ የመለኪያው ጥቅም ሊናቅ አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ የእንጨቱ ልክ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። መለኪያው የሚያነበው የጠረጴዛውን ከፍታ እንጂ የሣንቃውን ውፍረት አይደለም። ቢላው ተስሎ ሲመለስ በቢላውና በጠረጴዛው መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል፤ በብዙዎቹ ርካሽ መለኪያዎች ላይ ደግሞ ባትሪ ሲቀየር ዜሮው ይጠፋል። ጠረጴዛው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ እንደሆነ የሣንቃው አንዱ ጠርዝ ወፍሮ ሌላው ይሳሳል፤ ማሳያው ግን ያንኑ አንድ ቁጥር ከማሳየት አይቆጠብም። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ቁራጭ እንጨት አሳልፎ በአራቱም ማዕዘን በእጅ ካሊፐር መለካት፣ መሣሪያውንም በውጤቱ መሠረት ማረም። ይህን የማያስተምር ሥልጠና መሣሪያውን ከመግጠሙ በፊት ከነበረው የባሰ ነው፤ ሠልጣኙ ቀድሞ የነበረውን ጤናማ ጥርጣሬ ያጣልና።

ከዚህም የሚከብደው የእንጨቱ ጠባይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷ እርጥብ፣ በጋዋ ደረቅ የሆነ ከተማ ናት። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ለውጡ በርዝመቱ ላይ እጅግ አነስተኛ ሲሆን በስፋቱና በውፍረቱ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። የ300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሣንቃ የእርጥበት መጠኑ በ1 በመቶ ብቻ ሲለወጥ፣ እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አሰነጣጠቁ፣ ስፋቱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ሊለወጥ ይችላል። ማሳያው የሚቆጥረው ደግሞ በ0.01 ሚሊ ሜትር ነው። በጥር የተገጠመ በር በነሐሴ አልዘጋም ሲል እንግዲህ ጥፋቱ የመለኪያ ጉድለት አይደለም። በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ሲደርቅ አብዝቶ የሚኮማተርና የሚጣመም ነው። ዋንዛ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ከበሮ ሠሪዎች ሲመርጡት የኖሩትም በከንቱ አይመስልም።

ስለዚህ የግዢው ቅደም ተከተል ሊጤን ይገባል። የእንጨት እርጥበት መለኪያና ሣንቃ በጥላ ሥር ተደርድሮ የሚደርቅበት መጠለያ መቅደም አለባቸው። ዲጂታሉ መለኪያ ከዚያ በኋላ በአንድ ቲክነሰር ላይ ቢገጠም ለማስተማሪያ ይበቃል፤ ለሌሎቹ ማሽኖች በሚሊ ሜትር የተከፈለ የብረት ማስመሪያ አያንስም። ሠልጣኙ ተመርቆ የሚገባበት አነስተኛ ድርጅት ከሜትርና ከስኳድራ በቀር ሌላ መለኪያ ላይኖረው ይችላልና።

በምዘና ጊዜም ነጥብ ሊሰጥ የሚገባው ለማሳያው ንባብ ሳይሆን ለተሠራው ዕቃ ነው። በበጋ የተሠራ የመዝጊያ ፍሬም በክረምት አጋማሽ እንደገና ተለክቶ ልዩነቱ ቢመዘገብ፣ መምህሩም ሠልጣኙም እንጨቱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በቁጥር ያውቃሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ካሊፐርና አንድ ደብተር ነው።