ከአምስቱ መንገዶች አምስተኛውን ብቻ ለያዝን አባቶች



ስለ ልጅ ተርቢያ ከተጻፉ ኪታቦች መካከል የሸይኽ ዐብደላህ ናሲሕ ዑልዋንን «ተርቢየቱል አውላድ ፊል ኢስላም» ያህል በመስጊድና በመድረሳ ሲጠቀስ የሰማሁት የለም። ሸይኹ እ.ኤ.አ. በ1928 በሶሪያ፣ በሐለብ ከተማ ተወልደው፣ በአዝሃር ተምረው፣ በአገራቸው የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ያስተማሩና በ1987 ያረፉ ዓሊም ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ጎረምሳን በክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ያዩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። እኔም ይህን ኪታብ ለዓመታት ሳወድስ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ስለ ኪታቡም፣ ከዚያ በበለጠ ደግሞ እኛ ኪታቡን ስለምናነብበት አኳኋን ትችት ለማቅረብ ተነስቻለሁ።

ሸይኹ ልጅ የሚታነጽባቸውን መንገዶች አምስት አድርገው ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ቁድዋ፣ ማለትም ወላጁ ራሱ አርአያ ሆኖ መገኘቱ ነው። ቀጥሎ ማስለመድ፣ ከዚያ ምክር፣ ከዚያም ክትትል ይመጣል። ቅጣት የተጻፈው ከሁሉም በኋላ ነው። እኛ ኪታቡን ከኋላ የጀመርነው ይመስላል። ስለ ሶላት በአሥር ዓመት የተነገረውን ሐዲስ የማያውቅ አባት የለም፤ ከሰባት እስከ አሥር ያሉትን የማስተማሪያ ዓመታት ምን ሠራህባቸው ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ዝም ይላል።

የመጀመሪያውን መንገድማ ማን ያነሳዋል? የሐለቡ ሸይኽ የእኛን የበርጫ ሰዓት እንዲያውቁልን አንጠብቅም። ከዙህር በኋላ ጫቱን ዘርግቶ የተቀመጠ አባት፣ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ተገኘ ብሎ ቀበቶ ይፈታል። ጫት እንቅልፍን እንደሚነሳ፣ የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋ ለልጁ ይነግረዋል፤ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ጉንጩ እንደተወጠረ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ሌላውን ብቻ መተቸት አይገባምና።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በየወሩ ጥቂት ቀናት ለሱብሒ ስቀሰቅሳት አትነሳም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። በረመዷን ደግሞ አንድ ቀን ከኩሽና በር ኋላ ቂጣ ስትበላ አገኘኋት። በወንድሞቿ ፊት ጮህኩባት፤ «የመድረሳ አስተማሪ ልጅ ሆነሽ!» አልኳት። አንዲት ቃል አልመለሰችም። ማታ የልጆቼ እናት በለሆሳስ፣ «ሐይድ ላይ ናት፤ አንተን ምን ብላ ትንገርህ?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ሰፊነቱ ነጃን ለሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዚያች ትንሽ ኪታብ መጀመሪያ ላይ የቡሉግ ምልክቶች ሦስት መሆናቸው፣ ሐይድም ለሴት ልጅ ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ ሊመጣ እንደሚችል ተጽፏል። ልጆቹ በዜማ ይሐፍዙታል። ትርጉሙ ላይ ስደርስ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ወደሚቀጥለው ፈስል አልፋለሁ። ሐያእ መስሎኝ ነበር።

ዑልዋን በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻሉ ናቸው። ልጅ ነገሮችን መለየት ከጀመረበት ዕድሜ አንስቶ ከቡሉግ ጋር የተያያዙትን አሕካሞች ይማር ይላሉ፤ ወንዱም ሴቷም ሰውነታቸው ምን እንደሚገጥመው ሳይሸሹ ያስረዳሉ። ሆኖም እዚህ ላይ በኪታቡ አንድ እንከን ይታየኛል። በሌላ ቦታ ዕድሜን ሲከፋፍሉ የቡሉግን ጊዜ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት ያደርጉታል። ብዙ ልጃገረዶች ሐይድ የሚያዩት ከዚያ በፊት ነው። ይህን ክፍፍል ብቻ በልቡ የያዘ አባት ለሴት ልጁ የሚደርስላት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ደግሞም ኪታቡ ከማስረጃ ብዛት የተነሳ ስለ ልጁ አብዝቶ ይናገራል፤ ልጁ ራሱ ሲናገር ግን ጥቂት ነው የምንሰማው። አንባቢው «ምን ልንገረው?» ብሎ ይጨነቃል እንጂ «ምን ልጠይቀው?» አይልም።

ሸይኹን የማልወቅስበት ነገርም አለ። በጉርምስና ወቅት የሰውነት የእንቅልፍ ሰዓት ወደ ሌሊቱ እንደሚገፋ፣ ጎረምሳውም ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው በስፋት የታወቀው ከኪታቡ መጻፍ በኋላ ነው። ሱብሒ ላይ የሚከብደው ልጅ ሁሉ ሰነፍ ወይም ሙናፊቅ አይደለም። ሶላቱ አይቀርለትም፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን በጊዜ የሚያስተኛው፣ ስልኩን ከትራሱ ሥር የሚያወጣለት ማነው? አባትየው ራሱ እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩን ሲነካካ ያመሻል።

በሙስነድ አሕመድ የተዘገበውን የዚያን ወጣት ታሪክ አስቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ መጥቶ ዚና እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ሰዎች ገሰጹት። እርሳቸው ግን አቀረቡት፤ ለእናትህ፣ ለልጅህ፣ ለእህትህ ትወደዋለህን እያሉ ጠየቁት፤ እጃቸውንም አኑረውበት ዱዓ አደረጉለት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለእኔ ለአባቱ የሚያቀርብ ልጅ በሰፈራችን ይኖር ይሆን? እኔ ዘንድ ልጄ «ሐይድ ላይ ነኝ» ማለት እንኳ አልቻለችም።

ልጄን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ በወንድሞቿ ፊት ስለነበር የጮህኩት፣ ይቅርታውንም በእነርሱ ፊት አደረግሁት። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ብቻ ነው የነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ በመድረሳችን ሴቶቹን ያንን ፈስል የምታስተምራቸው ባለቤቴ ናት። እኔም ለወንዶቹ ድምፄን ሳልቀንስ አስረዳለሁ፤ የመጀመሪያው ቀን ላብ አጥምቆኝ እንደነበር አልደብቅም።

ባለቤቴ ስም የሌለበት ጥያቄ በወረቀት ጽፈው እንዲያመጡ ነግራቸው ነበር። ሃያ ሦስት ወረቀት መጣላት። ማታ ተቀምጠን አንድ በአንድ አነበብናቸው። የአሥራ አንዱ መልስ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳስሐፍዛት በኖርኳት ኪታብ ውስጥ ነበር።